ሳትነበብ የታለፈች መስመር

መካነ ሰላም ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው የቢተው ነው፤ ሁለተኛው የኑርሁሴን። ሁለቱም ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው። ቢተው እጀ ፈጣን ነው፤ ባለጉዳዩ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እሱ "ጉዳዩ፦" ብሎ ከሥሩ አስምሯል። ኑርሁሴን ግን መጀመሪያ ይሰማል። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ሰውየው ከአያቱ መሬት ተነሥቶ እስከ ትናንቱ ጠብ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። የሚያለቅስም ካለ አልቅሶ እስኪወጣለት ይጠብቀዋል። ከዚያ ይጽፋል፤ ጽፎም ከላይ እስከ ታች ያነብለታል። "ቃልህ ነው?" ይለዋል። ሰውየው "ቃሌ ነው" ካለ ብቻ የቀለሙን ቆርቆሮ ገፋ ያደርግለታል፤ አውራ ጣት ያርፋል።

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቀም። አማርኛውን ያጠራው በራዲዮ ነው፤ ሕጉን ደግሞ አንድ የተሰናበተ ዳኛ ትቶለት ከሄደው ሽፋን አልባ መጽሐፍ ነው ያገኘው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አምስት ወቅት ሶላቱን አያጓድልም፣ ይህንንም ለማንም አያወራም። የሰው ቃል አማና ነው ብሎ ያምናል፤ ተቀብለህ ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትመልሰው አደራ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ራሱን እንዲህ ያለ ሰው አድርጎ ሲያይ ኖሯል።

በ2002 ዓ.ም. መጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢተው ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣

"ኑሬ፣ አንተ ደግሞ አርቲስት የሆንከው መቼ ነው?" አለው።

"ምን አልክ?"

"ወላሂ ነው የምልህ።" ቢተው ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው፤ ግን ወላሂ ሳይል ነገሩ አይጣፍጥለትም። "ና እስቲ ይህን እይ።"

ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚያረቁት በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ነው። ኮፒ ቤቱ የጠመመበትን፣ የጠቆረበትን ወረቀት ያጠራቅምላቸዋል፤ እነሱ በንጹሑ በኩል ይሞነጫጭሩበታል። ቢተው የአንድ ገበሬ የወሰን ክርክር እያረቀቀ ቆይቶ ወረቀቱን ቢገለብጠው፣ በወዲያኛው ገጽ ያገኘው የጎረቤቱን የእጅ ጽሑፍ ነበር። እዚያ አካባቢ የ"ለ"ን እግር እንደ ሽመላ እግር የሚያስረዝም ኑርሁሴን ብቻ ነው።

ኑርሁሴን ወረቀቱን ተቀበለ። ጽሑፉ የሱ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ለአንዲት እናት የጻፈው ማመልከቻ። ከአናቱ ግን ሌላ እጅ እንዲህ የሚል ጨምሮበታል፦ "የሚነበብ፣ ተራ ቁጥር 6። አንድ ዐረፍተ ነገር ሙሉ ፊልም ሲሸከም ልብ በሉ።" የሴትየዋ ስም በስክሪብቶ ተሰርዟል። ስርዙ ስስ ነው፤ ከሥሩ "ኡምኩልሱም" የሚለው ልቅም ብሎ ይነበባል። ወረድ ብሎ ሁለቴ የተሰመረባት መስመር አለች፦ "ልጄን እንደ ጊደር በገመድ ጎትቼ ለደላላ ያስረከብኩ እኔው ወላጅ እናቷ ነኝ።" ከጎኗ፣ በኅዳጉ ላይ፣ "ወርቅ" ተብሎ ተጽፎላታል።

"ጨካኝ ሴት ናት ጃል" አለ ቢተው፣ ሌላ ወረቀት ስቦ ወደ ወሰን ክርክሩ እየተመለሰ። "በገዛ እጇ ሸጣት፣ ከዚያ ደግሞ ፈልጉልኝ ብላ ታጽፋለች። ምን ዓይነት አንጀት ነው? እኔ ብሆን ወረቀቱን ወርውሬ አባርራት ነበር።"

ኑርሁሴን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አፉን ሬት ሬት አለው።

*

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የእኅቱ ልጅ ሱፍያን እናቱ ከጅዳ በላከችለት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚውል፣ ቀልጣፋ፣ ክፋት የሌለው ወጣት ነው። ጋሹ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ለአሥራ አምስት ወጣቶች የፊልም ጽሑፍ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ወረቀት ይዞ አጎቱ ቤት መጣ። ርዕሱ "ለጀማሪ የፊልም ጸሐፊ የሚመከሩ ንባቦች" ይላል።

"ዘጠኝ ናቸው አጎቴ። እዚህ ከተማ ግን አብዛኛው አይገኝም። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው የማዳበሪያ አጠቃቀም ብቻ ነው።"

ኑርሁሴን መነጽሩን ሰክቶ አነበበ። አንደኛው ከፈረንጅ አፍ የተመለሰ ተውኔት ነው። ሁለተኛው ጋሹ ራሱ ያዘጋጀው ማስታወሻ ነው፤ እሱው ዘንድ ይሸጣል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆም አለ። "ቅዱስ ቁርኣንና መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለግጭት" ይላል።

"ለግጭት ማለት?"

"ፊልም ያለ ግጭት አይሄድም አጎቴ። ቃቢል ወንድሙን ሃቢልን መግደሉ አለ፣ ዩሱፍና ወንድሞቹ አለ። ለእሱ ነው።"

"ዩሱፍን የምታነበው ወንድሞቹ ሲጣሉ ለማየት ነው?"

ሱፍያን ሳቀ። ኑርሁሴን አልሳቀም። ግን ታጋሽ ሰው ነውና ምራቁን ውጦ ወደ ታች ወረደ። ስድስተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ "በአካባቢያችሁ የተጻፉ እውነተኛ የሰው ቃሎች፤ ደብዳቤ፣ አቤቱታ፣ የክስ ማመልከቻ። ከመጽሐፍ ሁሉ ይበልጣሉ።"

ከመጽሐፍ ሁሉ ይበልጣሉ። ይህችን ደግሞ አነበባት። ሃያ አንድ ዓመት ጽፎ እንዲህ ያለው ሰው የለም። ዳኞች "ይህን የጻፈው ማነው" ብለው ጠይቀው ያውቁ ይሆናል፤ ከእሱ ጆሮ ግን አልደረሰም። ተነሥቶ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥኑን ሳበ። ከጻፈው ሁሉ አንድ ቀሪ ያስቀምጣል፤ ከዋናው ሥር ካርቦን እያነጠፈ። ሣጥኑ አፉ ድረስ ሞልቷል።

ያን ጊዜ ክዳኑን መልሶ መግጠም ይችል ነበር። አልገጠመውም። ሲያገላብጥ ቆይቶ ሦስት መረጠለት። ሁለቱ የመሬት ነበሩ። ሦስተኛውን ሲያወጣ እጁ አላመነታም፤ ከሁሉ የሚኮራው በእሱ ነበር።

"ይህን ማመልከቻ የተቀበሉት የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ ሲያነቡት እንባቸው መጣ አሉ" አለው ለሱፍያን። "ጸሐፊያቸው ነው የነገረኝ።"

"እስቲ ወላሂ በሉ።"

"አንብበህ መልስ። ከእጅህ እንዳይወጣ። አማና ነው።"

"ኧረ ወላሂ አጎቴ።"

*

ያን ማክሰኞ ዕለት ጠረጴዛውን ለቢተው አደራ ሰጥቶ ወደ ወጣቶቹ አዳራሽ ወጣ። ዳገቱን ሲወጣ የሚለውን እያዘጋጀ ነበር። ለሱፍያን ምን እንደሚለው፣ ለአሠልጣኙ ምን እንደሚለው። ሰው ቤት ገብቶ የሰው ገመና አውጥቶ በኮፒ ማባዛት። ይህ ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ ለብቻው ነው የሚበላው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሴት ለቅሶ ይሰማል፤ ግን የሴት አይደለም። ኑርሁሴን በክፍተቱ አየ። አንድ ቀጭን ጎረምሳ ነጠላ ተከናንቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ደረቱን እየደቃ ያነባል። በእጁ ገመድ ይዟል፤ ከገበያ የተገዛ አዲስ የቃጫ ገመድ። የገመዱ ሌላ ጫፍ አንዲት ልጅ አንጓ ላይ ታስሯል።

"ልጄን እንደ ጊደር..." አለ ጎረምሳው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ በአንገቱ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ከወንበሩ ላይ። ጋሹ መሆኑ ነው። "ከ'ጊደር' በፊት ትንፋሽ ውሰድ። ጊደር ስትል ደግሞ ገመዱን ሳብ። እሷ ትውደቅ። አንቺ፣ ስትወድቂ ፊትሽ ወደ ተመልካች ይሁን።"

"በገመድ ጎትቼ..."

ገመዱ ተሳበ። ልጅቷ ወደቀች። ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ እንደ ጊደር እምቧ አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጋሹም ሳቀና፣ "እሺ፣ እሺ፣ ቁም ነገር። ድጋሚ" አለ።

ኑርሁሴን ከበሩ ተመልሶ ግድግዳውን ተደግፎ ተፋ። ደግሞ ተፋ። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም፤ ውስጡ የተቀመጠው በምራቅ የሚወጣ ዓይነት አይደለም።

ምክንያቱም ያን ገመድ ያመጣው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ኡምኩልሱም ገመድ አላለችም። ጊደር አላለችም። በ1998 ዓ.ም. ከወግዲ በኩል መጥታ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታለቅስ ነው የተናገረችው። ልጇ ባሲማ በደላላ በኩል በዑምራ ቪዛ ጅዳ ገብታለች፤ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ መንግሥት አድራሻዋን እንዲያፈላልግላት ትፈልጋለች። አትሂጂ ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም አለች። ይኸው ነው። እሱ ጽፎ ሲያየው ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ቀጭን ማመልከቻ በክምር ሥር እንደሚቀር ስለሚያውቅ፣ ለነገሩ ትንሽ ጨው ይጨመርበት አለ። አንጀት የሚበላ፣ ራስን የሚወቅስ ነገር ኃላፊ ይወዳል፤ ከራዲዮ ድራማ እንዲህ ያለ ብዙ ሰምቷል። ብዕሩ ራሱ ጻፈው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሲያነብላት፣ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየና ዘለላት። ድምፁ እንኳ ሳይሰበር ወደሚቀጥለው ተሻገረ።

"ቃልዎ ነው?" አላት።

"ቃሌ ነው" ብላ ጣቷን አኖረች።

*

አዳራሹ ሲያርፍ ገባ። ሱፍያን ሲያየው ፊቱ አበራ።

"አጎቴ መጡ። ይኸው፣ ጸሐፊው እሳቸው ናቸው፣ አጎቴ ናቸው" አለ ለሁሉም።

ጋሹ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። እጁ ለስላሳ ነው፤ ሽቶ ይሸታል። "ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ይህን ጽሑፍ ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእነዚህ ልጆች ምን አልኳቸው መሰለዎት፣ ሌላውን ዝርዝር ሁሉ ጣሉት፣ ይህን አንብቡ። እኔ አሥር ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ መስመር አላገኘሁም። አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ የት በደረሱ።"

ኑርሁሴን እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ሲመሰገን ደስ የሚለው መስሎት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህችን ቀን ሲያስባት ሰንብቷል። አሁን ምስጋናው እንደ ረጋ ዘይት ፊቱ ላይ ተለጠፈበት።

"ወረቀቶቹን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለ።

"ስሟን እኮ አጥፍተናል" አለ ጋሹ።

ኑርሁሴን ከጠረጴዛው አንዱን አንሥቶ ጣቱን ስርዙ ላይ አሳረፈ። "አንብበው።"

ጋሹ አነበበና ትከሻውን ነቀነቀ። "ማን ያውቃታል ጋሼ? የአንዲት ገበሬ ሴትዮ ስም።"

"አጎቴ፣ እኔ እኮ ጽሑፉን ጨርሼዋለሁ" አለ ሱፍያን ጣልቃ ገብቶ፣ ለማብረድ መስሎት። "ለሰኔ ቀርጸን እዚሁ እናሳያለን። መጨረሻው ይግረምዎት። እናትየዋ በዚያው በገመዱ ትሰቀላለች። መጀመሪያ የታየ ዕቃ መጨረሻ ላይ መሥራት አለበት፤ ያስተማረን ጋሹ ነው።"

ኑርሁሴን የእኅቱን ልጅ ትኩር ብሎ አየው። ክፋት ፈልጎ ፊቱ ላይ አጣ፤ ማጣቱ ደግሞ ይበልጥ አስጠላው።

"ገመድ የለም" አለ።

"እንዴት የለም? ተጽፎ።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሷ አላለችም። ልጇን አልሸጠችም። ከራሴ ነው ያወጣሁት፤ ያጣፈጥኩ መስሎኝ።"

ጋሹ ግን ጥቂት አሰበና፣ "እንግዲያው የበለጠ ደስ ይላል" አለ፤ ከልቡ ነበር የተናገረው። "ፈጠራ ነው ማለት ነው። ያው ችሎታ እኮ ነው ጋሼ።"

ኑርሁሴን ከወንበር ወደ ወንበር እየዞረ ወረቀቱን ሰበሰበ። ማንም አልከለከለውም። ሱፍያን የካርቦኑን ቀሪና ሁለቱን የመሬት ማመልከቻዎች ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠው። ኮፒዎቹ አሥራ አራት ሆኑ።

"ልጆቹ አሥራ አምስት ናቸው፤ አንድ ይጎድላል" አለ ኑርሁሴን።

አንጓዋን ታስራ የነበረችው ልጅ ብድግ አለች። ገመዱን ፈትታዋለች፤ ቅላቱ ግን አልጠፋም። "የኔ ነው ጋሼ ኑርሁሴን። ፈርሂያ እባላለሁ። ከወግዲ ወዲህ ነን። እትዬ ኡምኩልሱም ጎረቤታችን ናት። ቅዳሜ ቤት ስሄድ ይዤው ሄድኩ። ለእማዬ አነበብኩላት። ሌሎችም ነበሩ። ወረቀቱ እዚያው እማዬ ጋ ቀረ።"

"እሷስ?"

"እሷ አልነበረችም። ግን ሰዎቹ..." ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "እማዬ፣ 'እኛ ዘንድ እንዳልፈቀደች ታወራለች፣ ለካ እንዲህ ናት' አለች። እኔም አመንኩ። የተጻፈ ነዋ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ይህኛው አፋፉን አልፎ መንደር ገብቷል።

"ነገ ትሄጃለሽ ከኔ ጋር?"

"እሄዳለሁ።"

*

ረቡዕ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ ወግዲ መንገድ አጋማሽ ላይ አወረዳቸው፤ ከዚያ የአንድ ሰዓት እግር መንገድ ነው። ኑርሁሴን ወረቀቱን በፌስታል አድርጎ በብብቱ ይዟል። ብርዱ ከፊት ይመጣል፤ የገብሱ ማሳ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። አንዴ ፈርሂያ፣ "እሷ እንዳትሰማ ማድረግ አይቻልም?" አለችው።

"እኔም ሌሊቱን እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት" አላት። "አይቻልም።"

ከፈርሂያ ቤት አሥራ አምስተኛውን ወረቀት ተቀብለው ሲያልፉ፣ ኡምኩልሱምን ከደጇ ምስር ስትለቅም አገኟት። ስድሳን ተሻግራለች፤ ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ፦ አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ የጸሐፊው ፊት ትዝ አላትና ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

"ወሬ አለ?"

ኑርሁሴን መጀመሪያ ይህን እንደምትጠይቀው እንዴት እንዳላሰበ አላወቀም። "የለም እትዬ። ስለ ልጅዎ ወሬ የለም። ሌላ ነገር ነው። የኔ በደል ነው።"

ጣቶቿ ቀስ ብለው ሥራቸውን ጀመሩ። "ተናገር ወንድሜ።"

ተናገረ። እሷ አላቋረጠችውም፤ እሱ ሰውን እንደሚሰማው ሰማችው። ከዚያ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበበላት፣ በዚህ ጊዜ ምንም ሳይዘል። መስመሯ ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ተንቋረረ። አነበባት ግን።

ኡምኩልሱም ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጠች።

"ያኔ ስታነብልኝ ይህችን ዘለልካት?"

"ዘለልኳት።"

"ለምን?"

"አፈርኩ።"

"ጽፈህ ሳታፍር፣ ስታነብ አፈርክ።"

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ማሳው ዞረች።

"እዚያ ቢሮ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ" አለች። "መጀመሪያ ቀን ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዴት እንዳየኝ ልነግርህ አልችልም። እጄን ዘረጋሁለት፣ የሱን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ያቀረበልኝ የለም። ያቺ መዝገብ የምትይዘው ሴት ስገባ ፊቷን ታዞር ነበር። አንድ ቀን፣ 'አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ያመጣውን' ስትል ሰማኋት። ለሌላ መሰለኝ።"

ፈርሂያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"እኔ ምን መሰለኝ መሰለህ? የሸተትኩ መሰለኝ። ገጠሬ ነኝ፣ ከጭስ ቤት ነው የምወጣው፤ ሸትቻቸው ነው አልኩ። ነጠላዬን አጥቤ ሄድኩ። በሌላ ጊዜ በሳሙና አጥቤ፣ አጥኜ፣ ሽታው ይውጣ ብዬ አጥር ላይ አሳድሬ ሄድኩ። እንደዚያው ናቸው። ለካ ነጠላው አይደለም።"

ኑርሁሴን አንገቱን ደፋ። ኃላፊው አለቀሰ ብሎ አራት ዓመት ሲኮራ ኖሯል። ያ እንባ ምን ሆኖ እንደደረቀ ጠይቆ አያውቅም።

"አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እትዬ" አለ።

"እሱን ከአላህ ጋር ተነጋገርበት።" ድምፅዋ አልጠነከረም፣ አልላላምም። "ወረቀቶቹ ስንት ናቸው?"

"ከፈርሂያ ጋር አሥራ አምስት። ከቀሪውና ከተበላሸው ኮፒ ጋር አሥራ ሰባት።"

"ላቃጥላቸው ነበር። ግን የልጄ ስም አለባቸው፤ የልጄን ስም እሳት ውስጥ አልጨምርም። ያንተን መስመር ግን ታውቃታለህ። አጥፋት።"

ኑርሁሴን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፌስታሉን ፈታ። ብዕሩን አወጣ። በመጀመሪያው ላይ እንደ ጋሹ ስስ ስርዝ ሠራ፤ ኡምኩልሱም ማንበብ ባትችልም ጎንበስ ብላ አይታ፣ "ገና ይታያል" አለችው። ደገመው፣ ሰለሰው፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። በየአንዳንዱ ላይ "ወርቅ" የምትለው ቃል ከጎን ታየው ነበር፤ እሷንም አጠፋት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር፤ ፀሐይዋም ወደ ዓባይ በኩል አዘንብላለች። ኡምኩልሱም በዚያ ሁሉ ጊዜ ምስሯን ለቅማ ጨረሰች።

"አሁን ንጹሕ ወረቀት ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ጻፍ እንግዲህ። እኔ የምልህን።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሩን ሳያጋድም ሰማ። ቃሏን ተከትሎ፣ አንድ በአንድ፣ አወረደው።

"ልጄ ባሲማ ትባላለች። አጭር ናት። ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለ፤ ልጅ ሆና ከአጥር ላይ ወድቃ ነው። በ1996 ጥቅምት ጅዳ ሄደች። አትሂጂ ብያት ነበር። እንዳትሄድ ጫማዋን ደበቅኩት። የኔን ጫማ አድርጋ ሄደች፤ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ፣ ይሰፋታል። ድምፅዋን ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ያለችበትን ፈልጉልኝ።"

"ይኸው ነው" አለች።

ስድስት መስመር እንኳ በቅጡ አልሞላም። ኑርሁሴን ሲጽፍ እጁ ስለ ጫማው አንዲት ቃል ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ ትንሽ ቃል፣ "ምስኪን" የምትል። ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። እስክታልፍለት ጠብቆ ቀጠለ። ጨርሶ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሊያነብ።

"አንተ አይደለህም" አለችው ኡምኩልሱም። ክፋት አልነበረባትም። "ስጣት ለልጅቷ። እሷ ታንብበው።"

ፈርሂያ ወረቀቱን ተቀበለች። ለቅሶ ሳታስመስል፣ ድምፅዋን ሳታቀጥን፣ እንደ ተማሪ አነበበችው። ጫማው ላይ ስትደርስ ኡምኩልሱም ራሷን ነቀነቀች።

"ቃልዎ ነው?" አለች ፈርሂያ፤ ይህን ማለት እንዳለባት ማንም አልነገራትም።

"ቃሌ ነው።"

ኑርሁሴን የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍቶ መሬት ላይ አኖረው። አሮጊቷ ጣቷን ነክራ አሳረፈች፤ ወረቀቱን ከፈርሂያ ተቀብላ እፍ እያለች አደረቀችው፤ ከዚያ አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

"እኔው እወስደዋለሁ" አለች። "ሰኞ። አንተም ትመጣለህ። ኃላፊው ፊት ቆመህ ያችን መስመር ማን እንደጻፋት ትነግረዋለህ።"

"እመጣለሁ እትዬ።"

"ነጠላዬን ግን አላጥብም።"